ስለ መፋቂያና ስለ ጥርስ ሳሙና፤ ጥርስን ማንጣትና ጥርስን መፋቅ

በአማርኛ ጥርስ የሚጸዳበት ዕንጨት «መፋቂያ» ይባላል። ፋቀ የሚለው ግሥ ግን ለጥርስ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ቆዳ ይፋቃል፤ ዕንጨት ይፋቃል፤ የብራና ጸሐፊም የተሳሳተውን ፊደል በካራ ፍቆ ያነሣል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ሁለት ነገር በአንድነት ይፈጸማል፤ የማይፈለገው ይወገዳል፤ ከሚፈለገውም ጥቂት አብሮ ይሄዳል። ብራና አንድ ጊዜ ቢፋቅ አይጐዳም፤ በአንድ ስፍራ ደጋግመው ቢፍቁት ግን ይሳሳል፤ በመጨረሻም ይበሳል። ጥርስም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፤ ለተበሳው ብራና ምትክ ሲገኝ፤ የአዋቂ ሰው ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ካለቀ ተመልሶ የማይበቅል መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥርስ ሳሙና የሚሠራባቸው ነገሮች የጥርስን ቀለምና ገጽ ምን እንደሚያደርጉት ከአገራችን ልማድ ጋር አገናኝቶ ማስረዳት ነው። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚገባ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም የሕዝብን ኑሮ ለሚመረምር ሰውም የቀረበ ጉዳይ ነው። በአገራችን ነጭ ጥርስ የውበትና የንጽሕና ምልክት ነው፤ ጥርሱ «ሐጫ በረዶ» የተባለለት ሰው ተመሰገነ ማለት ነው። በአንጻሩም ጥርሱ የበለዘ ሰው አፉን የማያጸዳ ነው ተብሎ ይታማል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስሕተት መሆኑን፤ ስሕተቱም በተፈረደበት ሰው ጥርስ ላይ ጉዳት እስከ ማድረስ እንደሚደርስ ከዚህ በታች እናሳያለን።

ሁርሶና የቆላው መፋቂያ

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፤ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በተዘረጋው በአሮጌው የባቡር ሐዲድ መሥመር ላይ የምትገኝ ቆላማ ስፍራ ናት። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። የአካባቢው ሕዝብ በብዛት የኢሳ ሶማሌና ኦሮሞ ሲሆን፤ በወታደር ማሠልጠኛዋም ምክንያት ከየአገሩ ማዕዘን የመጣ ሰው ያልፍባታል። እንደዚህ ባለው ስፍራ የደገኛው የወይራ፤ የልምጭና የክትክታ መፋቂያ፤ የቆለኛው ዐደይ፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚገባውም የጥርስ ሳሙና ጐን ለጐን ይገኛሉ።

ዐደይ (ከመስከረሙ ከአደይ አበባ ጋር እንዳይምታታ) በደረቅ ቆላ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሳልቫዶራ ፐርሲካ ይሉታል፤ ዐረቦች ዛፉን አራክ፤ ዕንጨቱን ሲዋክ ወይም ሚስዋክ ብለው ይጠሩታል። ከሕንድ ደረቅ አገሮች አንሥቶ በዐረብ አገር አልፎ እስከ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። በሶማልኛ ነጭ «ዐድ» ይባላል፤ የመፋቂያውም ስም «ዐደይ» ነው፤ የሁለቱ ቃላት በድምፅ መቀራረብ ለቋንቋ ተማሪ ወዲያው የሚታይ ነው። በእስልምና ሃይማኖት ከሶላት በፊት ጥርስን በሲዋክ ማጽዳት የተመሰገነ ሱና ስለ ሆነ፤ አጥባቂው ሰው በቀን ብዙ ጊዜ አፉን ያብሳል።

የአሠራሩ ዘዴ ቀላል ነው። ከሥሩ ወይም ከቀጭን ቅርንጫፉ ይቈረጥና ልጡ ከጫፉ ላይ ይነሣል፤ ጫፉም እየታኘከ ጭረቱ እንደ ብሩሽ እስኪበተን ድረስ ይለሰልሳል። ሲያረጅ ጫፉ ተቈርጦ አዲስ ይወጣለታል። በዕንጨቱ ውስጥ ሲሊካ፤ ልዩ ልዩ ጨዎችና ታኒን ይገኛሉ፤ በሥሩም አፍን የሚያቃጥል ቤንዚል አይሶታዮሳይኔት የተባለ ነገር አለ፤ ይህም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታውቋል። ስለዚህ ዐደይ ብሩሹና የሚፍቀው ዱቄት ባንድነት የተዋሐዱበት መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል።

ከመፋቂያው ጋር በብዙ ስፍራ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንዱ የተፈጨ ከሰል ነው፤ ሌላው ጨው ነው፤ አመድም የሚጠቀም አለ። እነዚህ የሚፈለጉት ጥርስን ለማንጣት ነው። በእርግጥ ያነጣሉን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የጥርስ ቀለም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱ የቀለም ምንጮች

የጥርስ የላይኛው ልባስ ኤናሜል ይባላል። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የሚጠነክረው እርሱ ነው፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለበት ግን ካለቀ በኋላ ራሱን አይተካም። ከእርሱ በታች ዴንቲን የተባለው ክፍል አለ፤ ይህ ለስለስ ያለ ነው፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያዘነበለ ነው። ኤናሜል ብርሃን በከፊል ስለሚያሳልፍ በዐይናችን የምናየው የጥርስ ቀለም የሁለቱ ቅልቅል ነው። ከዚህ የተነሣ ጤነኛ ጥርስ እንደ ወተት የነጣ አይደለም፤ ጥቂት ቢጫነት የተፈጥሮው ነው።

የጥርስ ቀለም የሚለወጠው በሦስት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከምራቅ የሚገኝ ስስ ሽፋን ሁልጊዜ ጥርስን ይለብሰዋል፤ በሻይ፤ በቡናና በጫት ውስጥ ያለው ታኒን፤ እንዲሁም የትምባሆ ጢስ፤ በዚህ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ጥርሱን ቡናማ ያደርገዋል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከአወዳይ ገበያ እስከ ድሬዳዋ ጫት የዕለት ልማድ ነው፤ ቃሚውም ብዙውን ጊዜ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ያስከትልበታል። በዚህ አገር የሚታየው ቡናማ ጥርስ ትልቁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ የሚገባ ነው። ሕፃኑ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ቢጠጣ፤ ወይም ከስምንት ዓመት በታች ሳለ ቴትራሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ቢወስድ፤ የጥርሱ አሠራር ራሱ ይለወጣል።

ሦስተኛው ከኤናሜል መሳሳት የሚመጣ ነው። በዕድሜ፤ በአሲድ ወይም በመፋቅ ብዛት ልባሱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው የዴንቲን ቢጫነት እየጐላ ይታያል።

እነዚህን ሦስቱን መለየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። መፋቅ የመጀመሪያውን ያስወግዳል፤ ሁለተኛውን አይነካውም፤ ሦስተኛውን ግን ያብሰዋል። ጥርሱ ቢጫ ሆነ ብሎ አጥብቆ የሚፍቅ ሰው፤ ቢጫነቱ የመጣው ከልባሱ መሳሳት ከሆነ፤ በየቀኑ የሚያመርተው ያንኑ የሚሸሸውን ቢጫነት ነው።

በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያሉት ነገሮች

የጥርስ ሳሙና በሚታጠፍ ቱቦ ተሞልቶ መሸጥ ከጀመረ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የኮልጌት ኩባንያ በ1896 እ.ኤ.አ. በዚህ መልክ ለገበያ አውጥቶታል። ስሙ ሳሙና ይባል እንጂ ዋናው ሥራው የሚፈጸመው በውስጡ ባለው ደቃቅ ፋቂ ዱቄት ነው። ዱቄቱ የኖራ ድንጋይ ዓይነት የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት፤ ወይም ሲሊካ፤ ወይም የፎስፌት ጨው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ ሳሙናው እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ወይም ሶርቢቶል፤ እንዲያያዝ ሙጫ መሰል ነገር፤ እንዲያረፋ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት፤ እንዲጣፍጥም የናና ዘይትና ስኳር ያልሆነ ማጣፈጫ ይጨመርበታል። እነዚህ በጥርስ ቀለም ላይ የሚያደርጉት ነገር እምብዛም ነው።

ቀለምን የሚለውጡት አራት ዓይነት ናቸው። አንደኛ፤ ፋቂው ዱቄት የውጩን እድፍ ጠርጎ ያነሣል። ሁለተኛ፤ ፓይሮፎስፌትና ትሪፖሊፎስፌት የተባሉት ጨዎች እድፉ ከጥርሱ ላይ እንዲላቀቅና እንደ ገና እንዳይጣበቅ ይረዳሉ፤ እነዚህ የሚሠሩት ሳይፍቁ ነው። ሦስተኛ፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በኤናሜል ውስጥ ዘልቆ ቀለም ያለውን ነገር ያፈርሰዋል፤ ነገር ግን በሳሙና ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት፤ በጥርስ ላይ የሚቆይበትም ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ውጤቱ አነስተኛ ነው። አራተኛ፤ በአንዳንድ አዳዲስ ሳሙናዎች ውስጥ የሚገባ ሰማያዊ ቀለም በጥርሱ ላይ በስሱ ተነጥፎ ቢጫነቱን ለዐይን ይሸፍነዋል፤ ጥርሱ ግን እንደ ነበረ ነው።

የሚያበልዙም አሉ። ስታነስ ፍሎራይድ የተባለው የቆርቆሮ ጨው ድድን ሲጠቅም በአንዳንድ ሰው ጥርስ ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጕመጥመጫ መድኃኒትም ለብዙ ቀን ሲወሰድ እንዲሁ ያደርጋል። የጥርስ መጥቆር የንጽሕና ጉድለት ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ አፋቸውን በመድኃኒት አዘውትረው የሚያጸዱት ሰዎች ጥርስ በዚያው በመድኃኒቱ ሊጠቁር ይችላልና።

የመፋቅ ልክ

አንድ ነገር ሌላውን የሚፍቀው ከእርሱ ሲጠነክር ነው። ሞህስ በተባለው ሊቅ የጥንካሬ መለኪያ ኤናሜል 5 ገደማ፤ ዴንቲን ደግሞ 3 ገደማ ነው። የኖራ ድንጋይ 3 ስለ ሆነ ኤናሜልን ብዙ አይጐዳም፤ የምግብ ሶዳ 2.5 ገደማ ሆኖ ከሁሉም ይለሰልሳል። በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ ግን 7 ነው፤ ኤናሜልን ይቧጭራል። ስለዚህ አሸዋ ወይም ዐፈር የተቀላቀለበት አመድና ከሰል ከማንኛውም የጥርስ ሳሙና ይልቅ ያሠጋል። ከሰል ራሱ ልስልስ ቢሆንም የቅንጣቱ ልክ ወጥ አይደለም፤ በጥርስ ስንጥቅና በድድ ጠርዝም ይቀራል። በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ፤ ከሰል ጥርስን በደኅና ያነጣል ለሚለው አባባል በቂ ማስረጃ አልተገኘም ብሏል። በፋብሪካ ተሠርቶ «በከሰል የተዘጋጀ» ተብሎ የሚሸጠው ሳሙና የአያቶቻችንን ልማድ በአዲስ ቱቦ መልሶ የሚሸጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለጥርስ ሳሙና የተወሰነ መለኪያ አለ። በዴንቲን ላይ የሚደርሰው መፋቅ ከአንድ መመዘኛ ዱቄት ጋር ተነጻጽሮ ይለካል፤ የመመዘኛው ዱቄት ቍጥር 100 ተብሎ ተወስኗል። በዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ደንብ መሠረት ማንኛውም የጥርስ ሳሙና ከ250 መብለጥ የለበትም። በዚህ መለኪያ ሲታይ ብሩሽ ከውሃ ጋር ብቻ የሚፍቀው እጅግ ጥቂት ነው። ይህም መፋቂያን በሚመለከት ትልቅ ትርጕም አለው፤ ዱቄት ሳይጨመርበት በለሆሳስ የሚታሽ የዕንጨት ጭረት ኤናሜልን አይጨርስም። ጉዳት የሚመጣበት ሌላ በር ግን አለ። ዕንጨቱ አግድም በኀይል ሲጐተት ድዱ ወደ ሥር ይሸሻል፤ በድድ ተሸፍኖ የነበረው የጥርስ ሥር ይገለጣል፤ በዚያም ኤናሜል የለም። በጥርስ አንገት ላይ እንደ ሽብልቅ የተቦረቦረ ስፍራ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚጠዘጥዘውም እርሱ ነው።

ከመፋቅ ጋር የሚተባበር አንድ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም አሲድ ነው። የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የኤናሜል ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ብርቱካን፤ ሎሚና ለስላሳ መጠጥ ሁሉ ከዚህ በታች ናቸው። በአሲድ የለሰለሰ ኤናሜል ወዲያውኑ ቢፋቅ በቀላሉ ይነሣል፤ ምራቅ ግን ጊዜ ከተሰጠው ማዕድኑን በከፊል ይመልሳል። በድሬዳዋ ሙቀት ጫት ሲቃም ለብዙ ሰዓት ለስላሳ የሚጠጣ ሰው፤ ማታ ደግሞ እድፉን ለማስለቀቅ በከሰል አጥብቆ ቢፍቅ፤ ሁለቱን ጉዳት በአንድ ቀን አጣምሮ ፈጸመው ማለት ነው። በውሃ ተጕመጥምጦ ጥቂት ቆይቶ ቢፍቅ ይሻለዋል።

ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ወንጂ

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለሚመጣ ቀለም ነው። ከሁርሶ ተነሥቶ በአሮጌው ሐዲድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አዋሽንና መተሐራን አልፎ ወደ አዳማ ሲቀርብ ሌላ ዓይነት ጥርስ ያጋጥመዋል። በዚያ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ጫት የማያውቁ፤ ሻይም ያላዘወተሩ ልጆች አዲስ የበቀለ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ከርሠ ምድር ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ ነው።

ወንጂ በሆላንዶች ኩባንያ የተቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረበት ስፍራ ነው፤ ለሥራው ከሩቅ አገር የመጡት ሠራተኞችና በዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው የጕድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ በወንጂ ጕድጓዶች ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካበት ጊዜ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ይህ ውሃ ጥርስን ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የጠጡትን ሰዎች አጥንት ጭምር እንደሚጐዳ አስረድተዋል።

በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ መፋቅ ምን ያደርጋል? በፍሎራይድ የተጐዳ ኤናሜል ከላይ ስስ ጠንካራ ንብር አለው፤ ከሥሩ ያለው ግን የሣሣና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ቡናማው ቀለም ያረፈውም በዚያ ነው። ሰውየው በአሸዋ ወይም በከሰል ሲፍቅ የሚያልቀው ያ መከላከያ ንብር ነው፤ ሲሰበርም ጥርሱ እየተቦረቦረ ከፊተኛው የባሰ እድፍ ይይዛል። ቀላል የሆነውን ብልዘት ሐኪም በመሣሪያ ልኩን ጠብቆ ሊያነሣለት ይችላል፤ ከባዱ ግን በመሸፈን እንጂ በመፋቅ አይድንም። እንግዲህ የስምጥ ሸለቆን ሰው «ጥርስህን አጽዳ» እያሉ ማሳፈር፤ ያልሠራውን በደል እንዲፍቅ ማስገደድ ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ከመፋቂያ የሚበልጥበት ዋና ምክንያት መሆኑ ያስደንቃል። ነገሩ የታወቀው በአሜሪካ ነው። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሄዶ የብዙ ነዋሪዎች ጥርስ ቡናማ መሆኑን አየ፤ በኋላም እነዚህ ጥርሶች በቀላሉ እንደማይነቅዙ ተገነዘበ። መንሥኤው በውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በኋላ የተደረገው ምርመራ ብዙው የሚያበልዝ ነገር ጥቂቱ እንደሚጠብቅ አረጋገጠ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይህ ሳሙና የጥርስ መንቀዝን በ24 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል።

የሳሙናው አቀማመምም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ሳሙና ውስጥ ተራ ሶዲየም ፍሎራይድ ቢጨመር ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከኖራው ጋር ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት የተባለው፤ ከሲሊካ ጋር ግን ሶዲየም ፍሎራይድ ይቀላቀላል። ትንሽ ልጅ ሳሙናውን ስለሚውጥ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነው የሩዝ ፍሬ፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል። ውሃው ራሱ ፍሎራይድ በበዛበት አገር ይህ ልክ በጥብቅ ሊጠበቅ ይገባል።

ሳይፍቁ ማንጣት፤ ስለ ድድ ንቅሳት

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፤ በትግራይ፤ በጐንደር፤ በጐጃምና በወሎ፤ ሴቶች ድዳቸውን በጥላሸት የመነቀስ ልማድ ነበራቸው፤ ዛሬም በዕድሜ በገፉት ዘንድ ይታያል። ድዱ ሲጠቁር በአጠገቡ ያለው ጥርስ ነጥቶ ይታያል። ይህ ከላይ ከተናገርነው ከሰማያዊ ቀለሙ ሳሙና ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ጥርሱን ሳይነኩ በተመልካች ዐይን ላይ ነው። መርፌው ወይም እሾሁ ካልጸዳ በሽታ ማስተላለፉ አይካድም። ይሁን እንጂ ስለ ኤናሜል ብቻ ከተነጋገርን፤ የተነቀሰችው እመቤት በከሰል ከሚፍቀው ጐልማሳ ይልቅ ጥርሷን ጠብቃለች ማለት ነው።

ለተመልካች የሚገባ ጥንቃቄ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። የጥርስ ንጣት፤ የጥርስ ንጽሕናና የጥርስ ጤና ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የበለዘ ጥርስ ጽኑ ሆኖ ይገኛል፤ የነጣውም ልባሱ አልቆ ሊሆን ይችላል።

በመስክ የሚሠራ ተማሪ ስለ አንድ ሕዝብ የጥርስ አያያዝ ሲጽፍ «ጥርሳቸው ቡናማ ነው» ብሎ እንዳይተው ይገባል። ቀለሙ በሕፃናት ጥርስም ላይ ይታይ እንደ ሆነ፤ ውሃው ከወንዝ ወይስ ከጕድጓድ የሚቀዳ እንደ ሆነ፤ ሰዎቹ ምን እንደሚጠጡና ምን እንደሚያኝኩ፤ የመፋቂያው ዕንጨት የትኛው ዛፍ እንደ ሆነ፤ ዱቄት ይጨመርበት እንደ ሆነ፤ በቀን ስንት ጊዜና በምን አኳኋን እንደሚፋቅ መጠየቅና መመዝገብ አለበት። ያለዚህ የተጻፈው መግለጫ ዕውቀት መሆኑ ቀርቶ ሐሜት ይሆናል።

በሁርሶም ሆነ በሌላ ስፍራ ዐደዩን ጥሎ ሳሙናውን ብቻ መያዝ፤ ወይም ሳሙናውን ንቆ በዐደዩ ብቻ መርካት አስፈላጊ አይደለም። ዕንጨቱ ሳይጐዳ ያጸዳል፤ ሳሙናው መንቀዝን የሚከላከል ፍሎራይድ ያመጣል፤ አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላል። የሚተወው አሸዋው፤ ከሰሉና የእጅ ኀይል ነው። መልካም ጸሐፊ ካራውን የሚያነሣው የተሳሳተ ፊደል ሲያገኝ ብቻ እንደ ሆነ፤ ጥርሱን የሚፍቅ ሰውም አስቀድሞ የሚያነሣው ነገር ከላይ ያለ እድፍ መሆኑን ይወቅ።